የአፕል ፓይ ሙሌት በጃር ማሸግ፦ ስታርቹን፣ ሎሚውንና ከፍታውን አትናቁ

መስከረምና ጥቅምት ላይ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ቨርጂኒያ እርሻዎች ውስጥ አፕል ሊለቅም የሄደ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ በልቶ ከሚጨርሰው በላይ ተሸክሞ ይመለሳል። ሣጥኑ ወጥ ቤት ጥግ ተቀምጦ ይከርምና አፕሉ መጨማደድ ይጀምራል። ያንን ሣጥን ለፓይ የተዘጋጀ ሙሌት አድርጎ በሜሰን ጃር (ጠፍጣፋ ክዳንና ክዳኑን የሚይዝ ቀለበት ባለው የመስታወት ጃር) ማሸግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በወጉ ከታሸገ ያለ ፍሪጅ አንድ ዓመት ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። አንዱ ኳርት ጃር፣ ማለትም ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ አንድ ፓይ ይበቃዋል።

ማርማላታ የሠራ ሰው ይህንንም በዚያው ዘዴ የሚሠራ ይመስለዋል። አይደለም። ማርማላታን ብዛት ያለው ስኳሩ ራሱ ይጠብቀዋል። ቀጭን ሽሮፕ ውስጥ የታሸገ ፍሬም ቢሆን ፈሳሹ እየተዘዋወረ ሙቀቱን ቶሎ ያደርስለታል። የፓይ ሙሌት ግን ወፍራም ስለሆነ ጃሩ ውስጥ አይዘዋወርም፤ ሙቀቱ ከጎን ተነስቶ ወደ መሀል በዝግታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ አንድ ነገር ለማረጋገጥ ነው፦ የጃሩ እምብርት በበቂ ሁኔታ መሞቁን። ልኩ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ፈትኖ ያወጣው ነው፤ እንደ ወጥ በእጅ ግምት የሚሠራ አይደለም።

ለ7 ኳርት ጃር የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

ቀቀል ተደርጎ የተጠነፈፈ የአፕል ቁራጭ፣ 24 ኩባያ
ስኳር፣ 5 ኩባያ ተኩል
ክሊር ጄል (ሶሱን የሚያወፍር ስታርች)፣ 1 ኩባያ ተኩል
ቀዝቃዛ ውኃ፣ 2 ኩባያ ተኩል
የአፕል ጭማቂ፣ 5 ኩባያ
በጠርሙስ የሚሸጥ የሎሚ ጭማቂ፣ የኩባያ ሦስት አራተኛ
የተፈጨ ቀረፋ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ
የተፈጨ ገውዝ፣ 1 የሻይ ማንኪያ (ከተፈለገ)

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩት ከሆነ ሰባቱን ባንዴ አትጀምሩ። የአንድ ጃር ልክ ይኸውና፦ 3 ኩባያ ተኩል አፕል፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳርና 2 የሾርባ ማንኪያ ጭማሪ፣ ሩብ ኩባያ ክሊር ጄል፣ ግማሽ ኩባያ ውኃ፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ የአፕል ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ። በዚህ አንድ ፓይ ጋግራችሁ ቅመሱት። ስኳሩና ቅመሙ በዛ ወይም አነሰ ካላችሁ በሚቀጥለው አስተካክሉ፤ ሁለቱን እንደ ምላሳችሁ መቀያየር ይቻላል። ሎሚው ግን አይቀነስም።

የሎሚው ነገር እንዲህ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበዛል) ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ አያድግም። አፕል በተፈጥሮው ኮምጣጣ ስለሆነ ከዚያ በታች ነው፤ ነገር ግን እኛ ውኃና ስታርች እየጨመርንበት ነው፣ ጣፋጭ ዝርያዎች ደግሞ አሲዳቸው አነስተኛ ነው። ሎሚው ያንን ክፍተት ይሞላል። ቤት የተጨመቀ ሎሚ ለሻይም ለሰላጣም ይሻላል፤ እዚህ ግን በጠርሙስ የሚሸጠው ነው የሚመረጠው፣ አሲዱ በፋብሪካ ተመጥኖ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነውና። የዛፍ ሎሚ እንደ ዝርያውና እንደ ብስለቱ ይለያያል። አፕላችሁ ቀምሳችሁት ምንም የመኮምጠጥ ነገር ከሌለው በ24 ኩባያ ላይ ሌላ ሩብ ኩባያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ስታርቹ ላይ ነው። ክሊር ጄል ከበቆሎ የሚሠራ፣ ለረጅም ሙቀት እንዲበረታ የተሻሻለ ስታርች ነው። ተራው ኮርንስታርች፣ የፉርኖ ዱቄት፣ ታፒዮካ፣ ሌላው ቀርቶ «ጤፍስ?» ብሎ ለሚጠይቅም የጤፍ ዱቄት፣ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይጓጉላሉ ወይም ከመጠን በላይ ይጠጥራሉ፤ ያኔ ሙቀቱ መሀል ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ግማሽ ሰዓት ሲፈሉ ይሰባበሩና ሙሌቱ ከወራት በኋላ ሲከፈት ቀጥኖ ውኃ ያዘለ ሆኖ ይገኛል። ክሊር ጄል በየሱፐርማርኬቱ አይገኝም፤ በኢንተርኔት ወይም ፔንሲልቬንያና ሜሪላንድ ውስጥ አሚሾች በሚነግዱባቸው መደብሮች ይሸጣል። ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ፦ «ኢንስታንት» የሚለው ሌላ ዕቃ ነው፤ በቀዝቃዛው የሚወፍር ስለሆነ ለማሸግ አይሆንም። የምትፈልጉት ተቀቅሎ የሚወፍረውን ነው። ግማሽ ፓውንድ አንድ ኩባያ ተኩል ገደማ ስለሚሆን ለሰባቱ ጃር ይበቃል።

ክሊር ጄል ካጣችሁ ደግሞ መፍትሔው ሌላ ስታርች መተካት ሳይሆን ጭራሹን መተው ነው። አፕሉን በስኳሩ፣ በጭማቂውና በሎሚው ብቻ አሽጉት። ፓይ ሊጋገር ሲል ጃሩን ከፍቶ ፈሳሹን ድስት ላይ አድርጎ በኮርንስታርች ማወፈር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እንዲያውም ጣዕሙ ከዚህ አያንስም።

አፕሉ ጠንካራና ሲነከስ የሚሰበር ይሁን። ስቴይማን፣ ጎልደን ዴሊሽየስና ሮም የሚባሉት ዝርያዎች ጥሩ ናቸው፤ ግራኒ ስሚዝም ቅርጹን ይይዛል፣ ኮምጣጣ ስለሆነ ግን ስኳሩን ቅመሱት። ማኪንቶሽ ለዚህ አይሁን፣ ተቀቅሎ ይበተናል። ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቢኖራችሁ ለሰባቱ ጃር አያንስም፤ ቢተርፍ ይበላል። ላጡት፣ የዘር ቤቱን አውጡለት፣ ግማሽ ኢንች (1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡት። ቁራጩ እኩል ካልሆነ ቀጭኑ ሲሟሟ ወፍራሙ ጥሬ ይሆናል። እንዳይጠቁርባችሁ እየቆረጣችሁ አንድ ጋሎን (4 ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው) ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ ውኃው ላይ 1 የሻይ ማንኪያ የቫይታሚን ሲ ዱቄት ወይም ባለ 500 ሚሊ ግራም ስድስት ኪኒን ተፈጭቶ ይጨመርበታል።

ከዚያ ሌላ ጋሎን ውኃ አፍልታችሁ 6 ኩባያ ቁራጭ በአንድ ጊዜ ክተቱ። ውኃው መፍላቱን ያቆማል፤ እንደገና ከፈላበት ቅጽበት አንድ ደቂቃ ቆጥራችሁ አውጡ፣ አጠንፍፉ፣ ክዳን ባለው ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ሙቅ እንደሆነ አቆዩት። ይህን «ለምን ሁለት ጊዜ ይቀቀላል» ብሎ የሚዘለው ሰው አለ። አፕል ውስጡ ብዙ አየር አለው። ያ አየር እዚህ ካልወጣ ጃሩ ውስጥ ይወጣል፤ ሲወጣ ሙሌቱን ወደ ላይ ገፍቶ በክዳኑ ሥር ያፈሰዋል፣ የቀረው ፍሬም ተኮማትሮ ይንሳፈፋል።

ጃሮቹን በሳሙና አጥባችሁ ሙቅ ውኃ ውስጥ ትታችኋቸው ይቆዩ። ከተሞሉ በኋላ ውኃ ውስጥ የሚፈሉበት ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ ስለሆነ ቀድሞ ለብቻ መቀቀል አያስፈልጋቸውም፤ መሞቃቸው ግን ግዴታ ነው፣ ቀዝቃዛ ጃር ላይ የፈላ ሙሌት ሲያርፍ ሥሩ ይሰነጠቃል። ጃሮቹ የሚፈሉበትን ትልቅ ድስትም ከሥሩ ሽቦ መደርደሪያ አድርጋችሁ ውኃውን ወደ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሱት።

አሁን ሶሱ። ስኳሩን፣ ክሊር ጄሉንና ቅመሙን መጀመሪያ በደረቁ አዋህዱ። ክሊር ጄሉ ብቻውን ውኃ ከነካ ይጓጉላል፤ ስኳሩ መሀል ገብቶ ይበታትነዋል። ቀዝቃዛውን ውኃና የአፕል ጭማቂውን ጨምራችሁ ሥሩ ወፍራም በሆነ ድስት መካከለኛ እሳት ላይ በእንጨት ማማሰያ ሳታቋርጡ አማስሉ። እንደ ወፈር ያለ አጥሚት ሆኖ ከመሀል ቧ ቧ ማለት ሲጀምር የሎሚውን ጭማቂ ጨምሩና እያማሰላችሁ አንድ ደቂቃ ብቻ አፍሉት። ሎሚው መጨረሻ የሚገባው አሲድ ስታርቹን ሲፈላ ስለሚሰብረው ነው። አፕሉን ወዲያው አስገብታችሁ ፍሬው እንዳይፈርስ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያደረጋችሁ አገላብጡ። ከዚህ በኋላ ስልክ አይነሳም፤ ሙሌቱ በቆየ ቁጥር እየጠጠረ ይሄዳል።

ሙቁ ጃር ውስጥ ስትሞሉ ከአፉ በታች ከ1 እስከ 1 ኢንች ተኩል (ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ባዶ ተዉ። ብዙ ነው ብላችሁ አትሙሉት፤ ስታርች ሲሞቅ ይነፋል። የፕላስቲክ ቢላዋ በጃሩ ዳር ዳር እያስገባችሁ የታፈነውን አየር አስወጡ፣ ከጎደለ ሙሉ። የጃሩን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ጠብታ ስታርች እዚያ ከቀረ ክዳኑ አይጣበቅም፤ ሳይያዝ የቀረ ጃር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በዚህ ነው። ክዳኑ አዲስ ይሁን፣ ቀለበቱ ግን ደጋግሞ ይሠራል። ቀለበቱን በጣት ጫፍ እስኪያዝ ብቻ አጥብቁ። በክንድ ጉልበት ከጠበቀ አየሩ መውጫ ያጣና ክዳኑ ይጣመማል።

ጃሮቹ ድስቱ ውስጥ ገብተው ውኃው ከክዳናቸው በላይ ቢያንስ አንድ ኢንች ይሸፍናቸው። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ውኃው ተንተክትኮ መፍላት ሲጀምር እንጂ ጃሩ ሲገባ አይደለም።

ስንት ደቂቃ? እዚህ ላይ ያላችሁበት ቦታ ይወስናል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 92 ዲግሪ ነው። እስከ 305 ሜትር ከፍታ 25 ደቂቃ፣ እስከ 914 ሜትር 30፣ እስከ 1,829 ሜትር 35፣ ከዚያ በላይ 40 ደቂቃ ነው። ለፓይንትም (የኳርት ግማሽ) ለኳርትም ጃር ያው ነው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ሰው በ25 ሲጨርስ፣ ኢየሩሳሌም ያለው 30፣ ዴንቨር፣ አዳማ ወይም ሀዋሳ ያለው 35፣ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያለው ሙሉ 40 ደቂቃ ያፈላል። ከቨርጂኒያ እህቱ በስልክ የተቀበለውን ሰዓት አዲስ አበባ ላይ የሚጠቀም ሰው ጃሩን በጎዶሎ ሙቀት ነው የሚያወጣው። ድስቱ ውስጥ መፍላቱ ከተቋረጠ ደግሞ እንደገና አፍልቶ ከዜሮ መቁጠር ነው።

ሰዓቱ ሲሞላ እሳቱን አጥፉ፣ ክዳኑን አንሱ፣ ጃሮቹን አምስት ደቂቃ እዚያው ተዋቸው። ይህ ዕረፍት ከተዘለለ ውጭ ያለው አየር በድንገት ሲነካቸው ሙሌቱ እየፈላ በክዳኑ ሥር ይወጣል። ከዚያ ሳታዘነብሉ አውጥታችሁ ፎጣ ላይ ጃር ከጃር ሳይነካካ አስቀምጡ። ከ12 እስከ 24 ሰዓት አይነኩ፣ ቀለበታቸውም አይጥበቅ። ገልብጦ ማቆም፣ ኦቨን ውስጥ ማፍላት የሚባሉትን ዘዴዎች እርሷቸው። ገልብጦ ማቆም ክዳኑን ቢያጣብቀውም ውስጡን አያሞቀውም፤ የኦቨን ደረቅ ሙቀት ደግሞ መሀል ድረስ በአስተማማኝ አይደርስም፣ ጃሩንም ሊሰብረው ይችላል።

በማግስቱ የክዳኑን መሀል በጣት ተጫኑት። ወደ ውስጥ ገብቶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ተይዟል። ጠቅ እያለ የሚመለሰው አልተያዘም፤ ፍሪጅ አስገቡትና በዚያው ሰሞን ይጋገር፣ ወይም ወደ ማቀዝቀዣ ዕቃ ገልብጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። በአዲስ ክዳን እንደገና ማፍላት ይቻላል፣ አፕሉ ግን ገንፎ ይሆናል። የተያዙትን ቀለበታቸውን አውልቃችሁ እጠቡ፣ ቀን ጻፉባቸው፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ደርድሯቸው። ቀለበቱ እንዲወልቅ የሚመከረው ክዳኑ ውሎ አድሮ ቢላቀቅ ወዲያው እንዲታይ ነው። ከወራት በኋላ ክዳኑ ያበጠ፣ ሲከፈት የሚፈናጠር ወይም ሽታው የተለወጠ ጃር ካጋጠመ ሳይቀመስ ይጣል።

ላይኛው ረድፍ አፕል ቡናማ ቢሆን ከሶሱ በላይ ስለቀረ አየር ነክቶት ነው፤ ክዳኑ እስከያዘ ድረስ አይጎዳም። ከጃሩ ውጭ የሚታየው ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር የውኃው ካልሲየም ነው፤ ድስቱ ውስጥ ትንሽ ኮምጣጤ ጨምሩ።

አገር ቤት ላሉት፦ የጨንቻ አፕል ለዚህ ይሆናል፣ ችግሩ ጃሩና ክዳኑ ነው። የማዮኔዝና የማር ጃር ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ በኋላ እንዲህ ላለው ማሸግ አያስተማምንም። ሁለት ክፍል ክዳን ያለው ጃር ካላገኛችሁ ፍሪዘር ይሻላል፦ ቁራጩን አንድ ደቂቃ ቀቀል አድርጉ፣ አቀዝቅዙ፣ ከስኳር፣ ከሎሚና ከቀረፋ ጋር ለውሳችሁ አየር በሌለው ላስቲክ አስቀምጡ። ስታርቹ የሚገባው ሲጋገር ነው፤ በኮርንስታርች የወፈረ ሶስ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ውኃውን ይተፋል።

ቅቤ ጃሩ ውስጥ በፍጹም አይገባም፤ ስብ የተፈተነውን ልክ ያፋልሳል፣ ሲቆይም ይበላሻል። ቅቤ የሚወድ ሰው ሲጋግር ከላይ ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ያስቀምጥበት። ያለ ቅቤ መሆኑ ለጾምም ይመቻል፤ ሊጡን በዘይት ለውሶ መዘርጋት ነው። ኦቨኑን 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁና ሙሌቱ በሊጡ ቀዳዳ በኩል መፍላቱ እስኪታይ ጋግሩት። ከኦቨን እንደወጣ አትቁረጡት፣ ሲበርድ ነው ሶሱ የሚይዘው።