«ቁጭ በል» ከግቢ በር ሲወጣ

ዳማ ቤታችን የገባው ጥቅምት ላይ፣ የደሴ የጠዋት ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰሞን፣ የስምንት ሳምንት ቡችላ ሆኖ ነው። ስሙን ያወጣችለት ልጄ ናት፤ ጠጉሩ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ቡናማ በመሆኑ ሌላ ስም መፈለግ አላስፈለገም። በመጣ በአራተኛው ቀን «ቁጭ በል» ስለው ቁጭ ማለት ጀመረ። ጥፍር የምታህል የተቀቀለች ጉበት በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ቀስ አድርጌ ወደ ግንባሩ ከፍ አደርጋታለሁ፤ ቡችላው በዓይኑ ሲከተላት ራሱ ወደ ላይ ይቀናል፣ ዳሌው ደግሞ በራሱ ጊዜ መሬት ይነካል፤ በዚያች ቅጽበት «ጎበዝ!» ብዬ እሰጠዋለሁ። በአራት ቀን ይህን ያህል መማሩ እጅግ አስደስቶኝ ለዘመድ ለጎረቤቱ ሁሉ ነገርኩ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ የአሱር ሰዓት ሊደርስ ሲል፣ እኔ «እትዬ» እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤታችን ውዱዕ አድርገው፣ ንጹሕ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ለባለቤቴ መልእክት ሊነግሩ በግቢው በር ብቅ አሉ። ዳማ ከእጄ ሾልኮ ሮጠና በሁለት እግሩ ቆሞ ተንጠለጠለባቸው፤ የቀሚሳቸውንም ጫፍ ላሰ። «ቁጭ በል!» አልኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፣ ሠለስኩትም፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። እትዬ «አብሽር ልጄ፣ ቡችላ አይደል፣ ምን ያውቃል» ብለውኝ ልብስ ሊቀይሩና ሊታጠቡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በእምነታቸው የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሳይጸዳ አይሰገድበትም። ሶላታቸውን ያዘገየሁባቸው እኔ እንጂ ቡችላው አልነበረም፤ ምክንያቱም ቃሉን አውቆታል ብዬ በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሚተያዩበት፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ግድግዳ ተጋርተው ቡና በሚጠራሩበት በእኛ ከተማ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት።

በዚያው ምሽት ዳማ በእርግጥ ምን እንደሚያውቅ ለመፈተን ተነሣሁ። እንደ ወትሮው በማድ ቤቱ በር ፊት ቆሜ «ቁጭ በል» አልኩት፤ ወዲያው ተቀመጠ። ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ተናገርኩ። ቡችላው ቆሞ አየኝ፣ ጆሮውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዘነበለ፣ እጄን አየ፣ ወደ ማድ ቤቱም ተመለከተ፣ ከዚያም ቀርቦ ጉልበቴን አሸተተ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስናገር ደግሞ ዞሮ ወደ ፊቴ መጣ። እምቢተኛነት አልነበረበትም፤ ቃሉን ከነጭራሹ አልተማረውም ነበር። የተማረው ነገር ቢኖር «ይህ ሰው እዚህ ቦታ፣ እንዲህ ሆኖ ቆሞ፣ ቀኝ እጁን እንዲህ ከፍ ሲያደርግ ዳሌዬን መሬት ባስነካ ጉበት ይመጣል» የሚል ነው። ለእኔ ዋናው ነገር ቃሉ ሲሆን ለእርሱ ከብዙዎቹ ምልክቶች ሁሉ የመጨረሻው ነበር።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለውን አባባል ሁላችንም የምንናገረው ስለ ታማኝነት ነው። ከዚያች ምሽት ወዲህ እኔ የምሰማበት ሌላ ፍቺ አለው፦ ውሻ የሚያውቀውን ነገር የሚያውቀው በበላበት ቦታ ነው። በውሾች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች የታወቀውና እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ፓቭሎቭም አዲስ ድምፅ ወይም አዲስ ነገር በአካባቢው ሲከሰት ውሻው የለመደውን ምላሽ ለጊዜው ትቶ ትኩረቱን ሁሉ ወደዚያ አዲስ ነገር እንደሚያዞር አስተውሏል። በግቢያችን በር ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ «ውሻዬ ያውቃል፣ ግን አይሰማኝም» ከሚል ሰው ጋር ዛሬ አልስማማም፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱ «ውሻዬ እዚህ ቦታ አልተማረም» የሚለው ነው፤ በዚህ ምክንያት የሚመታ ቡችላ ደግሞ ያላጠፋውን ይቀጣል።

ከማግስቱ ጀምሮ ትምህርቱን እንደ አዲስ ያዝነው። ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ጃንጥላ ይዤ አዘዝኩት፤ ባለቤቴና ልጄም በየተራ አዘዙት። በሳሎን፣ በጓሮ፣ በልብስ ማስጫው ሥር፣ በመጨረሻም በበሩ ደፍ ላይ ሠራን። በእያንዳንዱ አዲስ ቦታ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜያት ምንም እንደማያውቅ ቆጥሬ ጉበቷን ወደ አፍንጫው እያስጠጋሁ መራሁት። አንዱ ትምህርት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ቡችላ ከዚያ በላይ ሲሆን ይሰለቻል። ርቀትን፣ የሚቆይበትን ጊዜና በዙሪያው ያለውን ረብሻ በአንድ ቀን በአንድነት አላከብድበትም። አሥር እርምጃ ርቄ እንዲቀመጥ ከፈለግሁ ጸጥ ባለ ቦታ ነው፤ ረብሻ ባለበት ቦታ ግን ከጎኑ አልርቅም።

ከበሩ ውጭ ያለውን ዓለም ማሳየት ሌላ ጭንቀት ነበረው። ቡችላ ሰውን፣ እንስሳንና ድምፅን ያለ ፍርሃት የሚለምድበት ዋናው ዕድሜ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ሳምንት ያለው ነው፤ ክትባቱ ግን በዚያ ጊዜ ገና አላለቀም። ፓርቮ የሚባለው የተቅማጥ በሽታ ቫይረስ በአፈር ውስጥ ለወራት የመቆየት አቅም ስላለው፣ ሌሎች ውሾች በሚውሉበት መሬት ላይ ማስሄዱን ፈራሁ። ስለዚህ በጋቢ ጠቅልዬ፣ አንገቱን ብቻ አውጥቼ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌው ዞርኩ። ሰኞ ገበያ ዳር ቆመን እህል የተጫኑ አህዮችን፣ በጎችን፣ ዱላ በትከሻቸው ያጋደሙ የገጠር ሰዎችን፣ ሲጥሉት የሚያንኳኳ የብረት ዕቃን አየ፣ ሰማ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ እኔም «እያስተማርኩት ነው» እላለሁ። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከተበ፤ ይህ በየጊዜው የሚታደስ ነው፤ ለእኔ ከጠባዩ ሁሉ የሚቀድመውም እርሱ ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ልጄንም ውሻ ቢነክሳት ወይም ቢቧጭራት ቁስሉን በውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አጥባ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም እንድትሄድ አስተምሬያታለሁ።

ፒያሳ ግን ከሁሉም ከበደን። በመጀመሪያው ቀን በገመድ ይዤው ወደ ዋናው መንገድ ስንደርስ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፍቶ በአጠገባችን አለፈ። ዳማ በሆዱ መሬት ላይ ተለጠፈ፤ ጅራቱ ሆዱ ሥር ገባ። ጉበት አቀረብኩለት፤ ያ የሚወደውን ምግብ ጥርሱን ገጥሞ አፍንጫውን አዞረ። ዛሬ የማምነው አንድ መለኪያ ቢኖር ይህ ነው፦ ቡችላ የሚወደውን ምግብ እምቢ ካለ ፈርቷልና እዚያ ቦታ ላይ ሊያስተምሩት አይችሉም። አንሥቼው ወደ ላይኛው መንገድ ወጣሁ፤ ባጃጆቹ ከሩቅ የሚታዩበት፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ ጉበቷን በላ። ትምህርት ቤታችን ያ ቦታ ሆነ። ባጃጅ ሲታይ ጉበት፣ ባጃጅ ሲያልፍ የጉበቱ መቋረጥ፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ የሱቅ በር ያህል ወደ ታች ወረድን። እስከ አስፋልቱ ዳር ለመድረስ አምስት ሳምንት ፈጀብን። የጥምቀት ዕለት ሕዝቡ፣ ከበሮውና እልልታው በአንድነት ስለሚበዛበት ከቤት አላወጣሁትም፤ ጓደኞቼ «ይልመድ እንጂ» ቢሉኝም እንዲህ ያለው ነገር ቡችላን ያስደነግጠዋል እንጂ አያለማምደውም ብዬ አምናለሁ።

«ና» በሚለው ቃል ላይ ግን የሠራሁት ስሕተት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዳማ በሜዳ ሲቦርቅ «ና» ብዬ እጠራዋለሁ፤ እየሮጠ ሲመጣ ወዲያው ገመድ አስሬ ወደ ቤት እወስደዋለሁ። አንድ ጊዜም ጫማዬን ነክሶ ስላበላሸ «ና!» ብዬ ጠርቼ ተቆጣሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ «ና» ማለት የጨዋታ ማብቂያና የቁጣ መጀመሪያ ሆነበት፤ ከአራት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ያየኛል እንጂ አይቀርብም። ቃሉን እንዲሁ ማደስ ስላልተቻለ ጣልኩትና በምትኩ «ወዲህ» የሚል አዲስ ቃል ያዝኩ። «ወዲህ» ብዬ በጠራሁት አሥር ጊዜ ውስጥ ዘጠኙን ጉበት ሰጥቼ ወደ ጨዋታው መልሼ እለቀዋለሁ፤ ልቆጣው ስፈልግ ደግሞ አልጠራውም፣ ራሴ ወዳለበት እሄዳለሁ።

ለበሩ ጉዳይ ብልሃቱን ያመጡት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ሁኔታውን ስነግራቸው «እኔ ደፉ ጋ ስደርስ እቆማለሁ፤ እርሱ ካልተቀመጠ አልገባም፤ ይኸው» አሉኝ። ያሉትንም አደረጉ። ዳማን በገመድ ይዤ ሁለት ሜትር ያህል እርቃለሁ፤ እርሳቸው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይመጣሉ፤ ከተነሣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ከተቀመጠ ይቀጥላሉ። ቡችላው የሚመኘው እርሳቸው እንዲመጡለት ነበርና መቀመጡ ሰው የሚያመጣ፣ መዝለሉ ሰው የሚያርቅ መሆኑን ከእኔ ጉበት በተሻለ ፍጥነት ከእርሳቸው እግር ተማረ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማንም ሳያዘው ተቀመጠ። እትዬ «ማሻአላህ፣ አደብ ያዘ» አሉ።

በዚህ ተደስቼ ሳለሁ የካቲት ላይ በአክስቴ ልጅ ፒካፕ ይዤው ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚያወርድ አየሩ፣ ሽታው፣ ሙቀቱ ሁሉ ሌላ ነው። ዳማ ከመኪናው ሲወርድ እያለከለከ፣ አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ የአክስቴን ግቢ አንድ ጥግ ሳያስቀር አሸተተ። «ቁጭ በል» ስለው ደሴ ላይ በሃያ ቦታ የሠራነው ሁሉ የጠፋ መሰለ። አልተናደድኩም። ሽቶ እስኪጠግብ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅሁት፣ ውሃ አጠጣሁት፣ ከዚያ እንደ ጥቅምቱ ጉበቷን በአፍንጫው ፊት ከፍ አደረግሁ። በሦስተኛው ጊዜ ቃሉ ብቻ በቃው። ጥቅምት ላይ አራት ቀን የፈጀው ነገር ኮምቦልቻ ላይ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፤ አዲስ ቦታ በበዛ ቁጥር የሚያስፈልገው ጊዜ እያጠረ መሄዱን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ ስምንት ወር ገደማ ሲሆነው፣ እንደገና መስማት አቆመ፤ በተለይ እኔን። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓይነ ስውራንን ለመምራት በሚያድጉ ውሾች ላይ ያወጡትን ጥናት ያነበብኩት ያኔ ነው። ውሾቹ በስምንት ወራቸው፣ በአምስት ወራቸው ከነበሩት ይልቅ ለአሳዳጊያቸው ትእዛዝ እየዘገዩ መለሱ፤ ለማያውቁት ሰው ግን እንዲህ አልሆኑም። የጉርምስና ጠባይ መሆኑን ስረዳ ልቤ ረጋ፤ ገመዱን አስረዘምኩ፣ ጉበቱን መለስኩ፣ ቀላል ነገር እያዘዝኩም ጠበቅሁ።

«እንዲህ ያለ ጨዋ ውሻ ቤት አይጠብቅም» የሚሉኝ አሉ፤ እነርሱ ቡችላውን ቀን ሙሉ በሰንሰለት አስረው ሌሊት የሚለቁት ናቸው። ዳማ ሌሊት አጥር የሚነካ ሰው ሲመጣ ከእነርሱ ውሾች እኩል ይጮሃል፤ ልዩነቱ «በቃ» ስለው ማቆሙ ነው። በሰንሰለት ያደገ ውሻ የሰፈሩን ልጅና ሌባውን ለይቶ የሚያውቅበትን ጊዜ ከየት ያገኛል?

አሁን የቀረን ነጎድጓድ ነው። በበልጉ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ በረዶ ሲወርድ አልጋ ሥር ገብቶ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት፤ «ወዲህ» ብለውም አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የዝናብ ድምፅ በስልኬ ቀድቼ፣ መጀመሪያ እምብዛም እስከማይሰማ ድረስ ዝቅ አድርጌ፣ እራቱን ሲበላ እከፍትለታለሁ። ትናንት ማታ ድምፁን በአንድ ደረጃ ከፍ አደረግሁት፤ ዳማ ከሳህኑ ቀና አለ፣ ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ምግቡም ተመለሰ። ሐምሌ ሊገባ ሁለት ወር አይሞላም፤ ከዚያ በፊት ልንወጣቸው የሚገቡ ስድስት ደረጃዎች ቀርተውናል።