ደሴ ላይ ሁሉም ጌም ሸጋ ነው

ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄደው ዶልፊን 11 ሰዓት ላይ ይነሳል ተብዬ 10 ተኩል ተገኘሁ፣ ሰው እስኪሞላ 1 ሰዓት ከሩብ ሆነ። ረዳቱ ደግሞ ለላፕቶፕ ቦርሳዬ 200 ብር አለኝ። ጉልበቴ ላይ ነው የምይዘው ስለው "ቦታ ይይዛላ" አለ፣ የማንን ቦታ? የኔን ጉልበት! ከፈልኩ እንግዲህ፣ በጨለማ ማን ይከራከራል። ጣርማበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ፣ ስነቃ ከሚሴ ነን፣ ደሴ ስንገባ 9 ሰዓት አልፏል። ከመናኸሪያ ፒያሳ ባጃጁ 150 ብር አስከፈለኝና በነጋታው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፣ ትክክለኛውን ዋጋ ግን የነገረኝ የለም።

የሄድኩት ለጌም ጃም ነው። ለማያውቅ፣ ጃም ማለት ጭብጥ ይሰጥህና በ48 ሰዓት ከዜሮ ተነስተህ ጌም ሰርተህ ማስረከብ ነው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሉደም ዴር የሚባለው የኦንላይኑ ጃም የሚታወቀው በዚሁ ነው። ደሴ ያለ ጓደኛዬ ተማሪዎችና በራሳቸው የተማሩ ልጆች ሰብስቦ አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ክፍል ውስጥ አሰራቸውና ና ተጫወትላቸው ኮመንት ስጣቸው አለኝ። ጭብጡ "ቁልቁለት"። እኔም እዚህ ቤቴ ሆኜ በዛው 48 ሰዓት አንድ ሰራሁ፣ ሰው ልተች ሄጄ እኔ ብቻዬን ንፁህ ሆኜ እንዳልቀመጥ ነው።

ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ይቻላል። "ሙቅ ውሃ አለ" ያለኝ ልጅ ለካ የሚመጣው ጠዋት ነው፣ ብርድ ልብሱ አንድ፣ ደሴ ደግሞ ጦሳ ስር 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። እኔ የእንጦጦ ስር ልጅ ነኝ ብርድ አውቃለሁ እል ነበር፣ ጃኬቴን ለብሼ ካልሲ ደርቤ አደርኩ።

በነጋታው 11 ጌም። ሁሉም ማለት ይቻላል ጎዶት በሚባል የጌም መስሪያ ፕሮግራም የተሰራ፣ ነፃ ነው፣ ፋይሉም ትንሽ ስለሆነ በፍላሽ ከእጅ እጅ ዞሯል፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የመመዘኛ ወረቀት ተበተነ፣ አዝናኝነት፣ አዲስነት፣ ስዕል፣ ድምፅ፣ ጭብጥ፣ ከ1 እስከ 5። ወረቀቱ ሲሰበሰብ ምን ሆነ? አምስት፣ አምስት፣ አምስት፣ አምስት። "ማሻአላህ ሸጋ ነው"። አንዱ ጌም ላይ ሰውዬው ወለሉን ቀዶ ወደ ታች ወርዶ ወርዶ አያልቅም፣ ሰሪው ደንግጦ ሲያፍር ከኋላ አንዱ "ጭብጡ ቁልቁለት አይደል እንዴ፣ አብሽር!" አለና ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እሱም አምስት አገኘ።

እኔ ተናደድኩ፣ አዲስ አበባ ብንሆን እኮ ልጁን ቆዳውን ገፈው ነው የሚሸኙት፣ እና እሱ ይሻላል ብዬ አስብ ነበር (ይሻላል አልልም አሁን)። ደግሞ በሽታው የወሎ ብቻ አይደለም። ሉደም ዴር ላይ ቢያንስ 20 ሰው ካልመዘነህ ውጤት አይወጣልህም፣ ሰው ወዳንተ እንዲመጣ ደግሞ የሌላውን ተጫውተህ ኮመንት መፃፍ አለብህ፣ ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ነካክቶ "ናይስ ጌም" ብሎ የሚሮጥ እዛም ሞልቷል። ሸጋ ነው ማለት እኮ ነው በፈረንጅ አፍ።

አንዷ ልጅ በክራር የቀዳችው አምባሰል ቅኝት ጌሙ ላይ ይጫወታል፣ በጣም ነው የወደድኩት፣ ግን በሞትክ ቁጥር ዘፈኑ ከመጀመሪያው ይነሳል። ከባድ ጌም ነው፣ ቶሎ ቶሎ ትሞታለህ፣ ያቺኑ አራት ሴኮንድ ብቻ ደጋግሜ ሰምቼ አምባሰል ሊያስጠላኝ ደረሰ። "ስትሞቺ ሙዚቃውን አትንኪው፣ ባለበት ይቀጥል" አልኳት። አልተከራከረችም አላመሰገነችም፣ ደብተሯን አወጣችና "ስንት ጊዜ ሞቱ?" አለችኝ። ሰላሳ ሳይሆን አይቀርም አልኳት። "የቱ ጋ?" ብላ ቦታውን አስነግራኝ ፃፈች። በቃ።

ሌላኛው የአይሱዙ ጌም የሰራው ልጅ ነው፣ ያው አልቃይዳ የምንለውን የጭነት መኪና፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ። ፍሬን ስታበዛ ይግልና እምቢ ይልሃል፣ ገደል። ሀሳቡ ግሩም ነው፣ ግን ፍሬኑ መጋሉን በምን ልወቅ? "ድምፁ ይቀየራል እኮ ጋሼ" አለኝ። ክፍሉ ውስጥ 20 ሰው ያወራል፣ የምን ድምፅ። ቀይ መብራት አድርግበት ስለው ድምፁን ለመስራት ስድስት ሰዓት እንደፈጀበት ያስረዳኝ ጀመር። (ጋሼ ያለኝን ደግሞ አልረሳውም፣ 31 ዓመቴ ነው።)

ከዛ መብራት ሄደና ሁላችንም በር ላይ ወጣን፣ ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ ትንሽ ሴት ልጅ አለቻት፣ የኔን ጌም በስልክ ለልጅቷ ሰጠኋት። አዝዋ የሚባለውን ገደል የምትወርድ ፍየል ናት፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች። ልጅቷ ወደቀች። ደግማ ወደቀች። "ዘለልኩ እኮ!" አለች፣ እኔ ደግሞ "ቀደም ብለሽ ነው መንካት ያለብሽ" አልኳት። አራተኛው ላይ ጎንበስ ብዬ አውራ ጣቷን አየሁ፣ የመዝለያው ቁልፍ ቀኝ ጥግ ነው፣ ቀጣዩ ድንጋይ የሚመጣውም ከቀኝ ጥግ፣ ጣቷ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። እኔ 48 ሰዓቱን ሙሉ በላፕቶፕ ኪቦርድ ነው የሞከርኩት! ደሞ "ዘለልኩ" ማለቷም እውነቷን ነው፣ ካዮቲ ታይም የሚባል ነገር አለ፣ እግሩ ጠርዙን ከለቀቀ በኋላም ለአንድ አስረኛ ሴኮንድ ያህል ዝላዩን መፍቀድ፣ ሳልጨምር የተውኩት ጊዜ አጠረኝ ብዬ ነው። አጠገቤ የቆመው ባለ አይሱዙው ልጅ ነው፣ ምንም አላለም፣ ፈገግ ብቻ።

እናትየው ሁለተኛውን ቀድታ "ሸጋ ፍየል ናት" አለችኝ። የቡናውን ሂሳብ አልቀበልም አለች፣ እንግዳ ነህ ብላ።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ዘመድ ልጠይቅ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀመጥኩ። ሰው እስኪሞላ ስልኬ ላይ አይሱዙውን እየነዳሁ ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ አየኝ፣ "ምንድነው ምታደርገው?" ፍሬን ነው አልኩት፣ ሲግል እምቢ ይላል። "ሐረጎን በፍሬን ማን ይወርዳል? በማርሽ ነው እንጂ! በወጣህበት ማርሽ ነው ምትወርደው፣ ሞተሩ ይይዘዋል።" ስንወርድ ደግሞ አሳየኝ፣ ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ ማርሹን ዝቅ ሲያደርግ ሞተሩ ጮኸና መኪናው እንደተጎተተ ነገር ቀስ አለ፣ እግሩ ፍሬኑን ነካ ቢያደርግ ነው። ክፍሉ ውስጥ ላፕቶፕ ታቅፈን ከነበርነው አንዳችንም ይሄን አላልንም፣ አብዛኞቻችን መኪና አንነዳም።

ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ሙቀቱ ጃኬቴን አስወልቆኝ፣ ለልጁ ደወልኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ፣ ለስድስት ሰዓቱ ድምፅ እያዘነ መሰለኝ። ከዛ "ስንት ማርሽ ላድርግለት?" አለ። ሾፌሩ ገና እቃ እያወረደ ነበር፣ ተመልሼ ጠየቅኩት።

"ጭኗል ወይስ ባዶ ነው?" አለኝ።