«ይቺ ክኒን የኔ አይደለችም»

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ነርሲንግ ሆም የሚሠራ ዘመድ ወይም ጓደኛ አያጣም። እኔም ሜሪላንድ ውስጥ በአንዱ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሥራውን ስጀምር የምንንከባከባቸው አዛውንት ከሞላ ጎደል አሜሪካኖች ነበሩ። አሁን የኛም እናቶችና አባቶች እየገቡ ነው። ልጆች ሁለት ሥራ ይሠራሉ፤ እናት ስትሮክ ይመታታል ወይም መርሳት ትጀምራለች፤ ቤት ብቻዋን መተው አይቻልም። ይህን የምጽፈው ለእነዚያ ልጆች ነው።

መድኃኒት እንዴት እንደሚታደል አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዲት ነርስ የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች ከክፍል ክፍል ትሄዳለች። ሃያም ከዚያም በላይ ሰው ይጠብቃታል፤ አንዱ ሰው ብቻ ስምንት አሥር ዓይነት ክኒን ሊኖረው ይችላል። ሰዓቱ ደግሞ ያጣድፋል፤ በአብዛኛው ቦታ ከታዘዘው ሰዓት አንድ ሰዓት ቀደም ወይም አንድ ሰዓት ዘግየት ቢል ነው የሚፈቀደው። በመሀል ስልክ ይጮኻል፣ አንድ ሰው ይወድቃል። የፌዴራሉ ደንብ የስሕተቱ መጠን ከመቶ 5 እጅ በታች እንዲሆን፣ ከባድ ስሕተት ደግሞ ጨርሶ እንዳይኖር ያዛል። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ከነርሷ ኋላ ቆመው ቢያንስ 25 የመድኃኒት አሰጣጥ ያያሉ። ጥሩ ነው። ግን ተቆጣጣሪ ከኋላዋ የቆመ ነርስና እሑድ ማታ ሰው ጎድሎባት የምትሮጥ ነርስ አንድ ዓይነት አይሠሩም።

ክኒኑ ለትክክለኛው ሰው መሰጠቱ የሚረጋገጠው ቢያንስ በሁለት ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ በስምና በልደት ቀን። ለኛ ሰዎች ሁለቱም አያስተማምኑም። ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚገባው ብዙ ጊዜ የአባት ስም ነው፤ ኃይሌና ተስፋዬ ደግሞ ስንት ቤት አለ! የልደት ቀናቸውን በውል የማያውቁ አዛውንት ብዙ ስለሆኑ የኢሚግሬሽን ፎርም ሲሞላ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይጻፋል። የአያት ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ አገር ቤት ቀርቷል።

አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። በአንድ ፎቅ ላይ ሁለት ሐበሻ እናቶች ነበሩ፤ የአባታቸው ስም አንድ፣ የራሳቸውም ስም በአንድ ፊደል የሚጀምር፣ ልደታቸው ጃንዋሪ 1። ከእራት በፊት ነርሷ ለአንደኛዋ በትንሿ የፕላስቲክ ኩባያ ክኒኖቹን ይዛ ገባች። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ክኒኖቻቸውን ግን በመልካቸው ያውቋቸዋል። ኩባያዋን አዘንበለው አዩና አንዷን ነጭ ክብ ክኒን በጣታቸው ለየት አድርገው «ይቺ የኔ አይደለችም» አሉ። ነርሷ አማርኛ አትሰማም። እንቢታ መሰላት። ፈገግ ብላ፣ አባብላ፣ ክኒኖቹን ፈጭታ በአፕል ሶስ ልትሰጣቸው ተነሣች። በዚህ መሀል ጎረቤት አልጋ ላይ የነበሩትን ሴትዮ የምታገላብጥ አንዲት የኛ ልጅ፣ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ናት፣ «ቆይ! ክኒኗ የኔ አይደለችም እያሉ ነው» አለቻት።

ነርሷ ወደ ጋሪው ተመለሰች። ክኒኗ ግሊፒዛይድ ነበረች፣ የስኳር መድኃኒት፤ የወጣችው ከሌላዋ እናት የክኒን ማሸጊያ ካርድ ላይ ነው። እማማ ደግሞ ስኳር የለባቸውም። ብትዋጥ ኖሮ በዚያ ዕድሜና እንደ ወፍ ጥቂት በሚቀምስ ሰው ላይ የደም ስኳርን ለሰዓታት ዝቅ አድርጎ ራስን እስከ ማሳት ሊያደርስ ይችላል፤ ሌሊት ስለሆነ ደግሞ ሰው የተኙ ነው የሚመስለው።

ነርሷ ሥራዋን የምትወድ ጎበዝ ሰው ናት፤ እሷን መቅጣት ምንም አያስተካክልም ነበር። ፎቶ ሲስተሙ ውስጥ አልነበረም። የስም መመሳሰል ማስጠንቀቂያም አልተለጠፈም። ሪፖርቱ ከተጻፈ በኋላ ሁለቱም ገቡ። ልጅቷን ግን «ይህ የሲኤንኤ ሥራ አይደለም» ያላት ሰው ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው። የኛ አዛውንት ይሉኝታ አለባቸው፤ ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው «እሺ» ማለት ነው የሚቀናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አፍ አውጥቶ «የኔ አይደለም» ካለ፣ መርሳት ቢኖርበትም እንኳ፣ ጋሪው መቆም አለበት።

ስለዚህ እናታችሁ ስትገባ የአያት ስም እንዲጨመርና ፎቶ እንዲነሣ ጠይቁ። በሚገባው ቋንቋ ስለ ጤናው ማወቅ የነዋሪው መብት ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ማስቸገር አይደለም። ከሆስፒታል የመጣች ዕለት ደግሞ አትራቁ። አሮጌው ዝርዝርና አዲሱ የሚደበላለቁት ያን ጊዜ ነው፤ የቆመ መድኃኒት ይቀጥላል፣ የሚያስፈልገው ይረሳል። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ በሽታ ሲታዘዝ በሳምንት አንዴ ነው የሚወሰደው፤ በስሕተት በየቀኑ ተሰጥቶ ሰው ገድሏል። ፋርማሲስት ቢያንስ በወር አንዴ ዝርዝሩን እንዲመረምር ደንቡ ያስገድዳል፤ ምን እንዳለ ጠይቁ። መርሳት ላለባት እናት አንቲሳይኮቲክ የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከተጀመረ ለምን እንደሆነ ይነገራችሁ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 አዲሶቹ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች መርሳት ባለባቸው አዛውንት ላይ ሞት እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል።

ጾሙንም አትደብቁ። በሁዳዴ ወይም በረመዳን እናት ቁርሷን ትመልሳለች፤ ትሪው ላይ «አልበላችም» ተብሎ ይጻፋል፤ ኢንሱሊኑ ግን በሰዓቱ ይመጣል። አስቀድሞ የሰማ ሐኪም መጠኑንም ሰዓቱንም ማስተካከል ይችላል። ዋርፋሪን፣ ደም ማቅጠኛው ማለቴ ነው፣ የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ጎመን መድኃኒቱን ያዳክማልና ከቤት በድንገት ብዙ ጎመን ይዛችሁ ስትመጡ ለነርሷ ንገሩ። ጎመን አትከልክሏት፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ብቻ ነው።

ተናግራችሁ ሰሚ ካጣችሁ በየስቴቱ ኦምቡድስማን የሚባል የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች ተሟጋች አለ። ስልኩ ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ ለሰው በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። አገልግሎቱ ነፃ ነው። ብዙ ቤተሰብ «እኛ ስንሄድ እናታችን ላይ ይበቀሏታል» ብሎ ዝም ይላል፤ ኦምቡድስማኑ ግን ካልፈቀዳችሁለት ማን እንዳመለከተ አይገልጽም።