በሴይቼንቶ ሐዋሳ ድረስ

«ይሄ ነገር ግን መንገድ ላይ መውጣት ይፈቀድለታል?» መኪናዬን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። አዎ፣ ይፈቀድላታል። ሊብሬ አላት፣ ሰሌዳዋ ኮድ 2 ነው፣ የዘንድሮው ቦሎ መስታወቷ ላይ ተለጥፏል፣ ሶስተኛ ወገንም ገብቶላታል። ፊያት 600 ናት፣ ድሮ ሴይቼንቶ ስንላት የኖርነው። ጣሊያኖች በፈረንጆቹ 1955 ማምረት ጀምረው በ1969 አቆሙ። የኔዋ ሞተር 767 ሲሲ ነው። ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ ሞተር ሳይክል ሞልቷል።

ሐዋሳ የመሄድ ሐሳቡ የመጣው ዓመታዊውን የመኪና ምርመራ ባለፈች ማግስት ነው። የምርመራው ቀን ራሱን የቻለ ጉዞ ነበር። ሰልፉ ላይ ከፊትም ከኋላም ቪትዝ፣ መሀል ላይ እኔ። ተራዬ ሲደርስ መርማሪው ልጅ የፊት ኮፈኑን አስከፈተኝና ትርፍ ጎማና የነዳጅ ታንከር አገኘ። «ሞተሩስ?» አለኝ። ከኋላ ነው አልኩት። ስቆ ጓደኞቹን ጠራ። ከዚያ ግን ቀልዱን ትቶ የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያይ ጀመር። አሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ሞተር የዘለቀ መኪና ጥቂት ነው፤ ሞተር ቀይሮ ሊብሬው ላይ ያላስመዘገበ ሰው ደግሞ መኪናው እንደ አዲስ ቢሄድለትም ቦሎ አያገኝም። ድሮ ይነዷት የነበሩት አጎቴ ወረቀት የሚወዱ ሰው ስለሆኑ ሁሉም ቦታው ላይ ተገኘ። ቀበቶ ስትሰራ አልነበራትም፣ ከሱማሌ ተራ ገዝተን አስገጥመንላታል። የግራው ፍሬቻ ብቻ ዳሽቦርዱን ካልመታህ አይበራም። መታሁት፣ በራ፣ አለፍን።

ከአዲስ አበባ መንገድ የጀመርኩት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። የፍጥነት መንገዱን ተውኩት፣ ገንዘቡ ቆጭቶኝ ሳይሆን እዚያ ላይ በ65 እየሄድክ ከኋላህ የሚመጣው ሁሉ መብራት ሲያበራብህ መዋል ስለሚያስጠላኝ ነው። በድሮው መንገድ ገላን፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ። ስለ እነሱ የምለው የለኝም፣ ቁልቁለት ነው፣ ፀጥ ብላ ወረደች።

ሞጆ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ። መንጃ ፈቃድ ሰጠሁት፣ አላየውም። ቦሎውን አየ፣ መኪናዋን ዞራት፣ ደግሞ ዞራት። በሮቹ ከተለመደው በተቃራኒ ከፊት በኩል ነው የሚከፈቱት፣ እሱ ላይ ቆመ። እኔ ልቤ ደነገጠ፣ አሁን አንድ ነገር ያወጣል ብዬ።

«ወንድሜ፣ ጥፋት የለብህም» አለ። «አባቴ እንደዚህ ዓይነት ታክሲ ነበረው። አንዴ ልቀመጥባት?»

ገብቶ ተቀመጠ። ባርኔጣው ጣሪያውን ነካ። መሪውን ይዞ ማርሹን እያንቀሳቀሰ እያለ አንድ አይሱዙ እቃው ላይ ሰው ጭኖ፣ ኩርባ ላይ ሌላ መኪና ቀድሞ በአጠገባችን ተፈተለከ። ሰዉ ይህን መኪና አልቃይዳ ያለው ዝም ብሎ አይደለም። ትራፊኩ ወርዶ ፊሽካውን ሲነፋ አይሱዙው የለም። እንግዲህ ያም ቦሎ ይኖረዋል፣ ምናልባት ከኔ የበለጠ አዲስ። ወረቀቱ ስለ መኪናው እንጂ ስለሚነዳው ሰው ምንም አይልም፤ ሰዉ ግን «ይፈቀዳል?» ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው። ይሄ ሁሌም ያበሽቀኛል።

ከሞጆ እስከ ቆቃ ያለው መንገድ ግን ደስ ይላል። ትንሿን ባለሦስት ማዕዘን መስኮት ወደ ፊትህ ስታዞራት ንፋሱ ደረትህ ላይ ያርፋል፣ ኤሲ ምን ያደርጋል። አጎቴ በደርግ ጊዜ በዚህችው መኪና ነው ታክሲ የሰሩት፣ ያኔ ሰማያዊና ነጭ ነበረች። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወስዱኝ ነበር። ከኋላ ወንበር ስቀመጥ ሞተሩ ከጀርባዬ ስለሆነ ክረምት ላይ እንደዚያ የሚሞቅ ቦታ አልነበረም፣ ተሳፋሪ ሲበዛ ሰው ጭን ላይ እቀመጣለሁ። መንዳት የተማርኩትም በእሷ ነው፣ ጃን ሜዳ። አንደኛ ማርሿ መኪናዋ ካልቆመች አይገባም፣ በግድ ካስገባኸው ካምቢዮው፣ ማለት የማርሽ ሳጥኑ፣ ይጮኻል፣ ካምቢዮው ሲጮህ ደግሞ አጎቴ ይጮሃሉ። ዛሬ ቪትዝ ስነዳ እግሬ ሥራ ፈትቶ የሚውል ይመስለኛል።

ዓለም ጤና አካባቢ ቺንጋው፣ ማለት የሞተሩ ቀበቶ፣ ተበጠሰ። በዚህች መኪና ቺንጋ ተበጠሰ ማለት ዲናሞውም አይሰራም፣ ውሃም አይዞርም፤ ትንሽ ችላ ካልከው ሞተሩ ግሎ ቴስታው፣ ማለት የሞተሩ ራስ፣ ይበላሻል። ትርፍ ይዤ ነበር፣ ቀየርኩት። እሱም ቁጭ ብሎ ደርቆ ኖሮ መቂ መግቢያ ላይ ተበጠሰ። አንድ መለዋወጫ ቤት ገባሁ። ልጁ አሮጌውን ቺንጋ በገመድ ለካና 800 ብር አለኝ። አዲስ አበባ 250 የገዛሁትን። የታርጋዬን «አአ» አይቶ ነው ዋጋውን የቆለለው፣ እምላለሁ። ተከራክሬ 600 ከፈልኩ፣ ስገጥመው ሰፊ ሆነ፣ መልስልኝ ስለው «የተገጠመ አይመለስም» አለኝ። አዲስ አበባም ይበሉሃል፣ ግን ቢያንስ ሻይ ጋብዘውህ ነው።

ከማዶ አንድ ጎሚስታ ነበሩ፣ ሽማግሌ። ነገሩን ሁሉ ቁጭ ብለው አይተዋል። መጥተው ሞተሩን አዩና አንድ ልጅ ላኩ። መቂ የሽንኩርትና የቲማቲም አገር ነው፣ ማሳው ሁሉ በውሃ ፓምፕ ነው የሚጠጣው። ልጁ ይዞ የመጣው የፓምፕ ቺንጋ ነው። ልክክ አለ። ስንት ነው አባባ ስላቸው ለልጁ የሻይ ስጠው አሉኝ፣ ለራሳቸው ምንም። ከዚያ ቁጭ ብለው «የድሮ ሰው እቃ ሲሰራ እያሰበ ነበር» ብለው ብዙ አወሩኝ፣ ግማሹን አልስማማበትም፣ ድሮም የሚሞቅ መኪና ነበር። ግን ያን ቀን ማን ይከራከራቸዋል።

ዝዋይ ነዳጅ ስቀዳ ከጎኔ አንድ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ቆሞ ነበር፣ ባለቤቱ ውሃ ሊገዛ ወርዶ። በነዳጅ የሚሰራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከታገደ፣ ማለትም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ እነዚህ በዝተዋል። ቀጂው ልጅ መክደኛውን ጎኗ ላይ ፈልጎ አጣው። የፊት ኮፈኑን ስከፍትለት ባለ ኤሌክትሪኩ ሰውዬ ሳቀና ፎቶ አነሳ። ያንተስ ሞተር የት ነው አልኩት። እሱም አላወቀውም።

አርሲ ነገሌን፣ ሻሸመኔን አለፍኩ። ሐዋሳ አስር ሰዓት ገደማ ገባሁ፣ አገር አማን።

ሌሊቱ ግን መከራ ነበር። ሆቴሉ 1,200 ብር አስከፍሎኝ ከክፍሌ ሥር ያለው ባር እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሙዚቃ ሲደልቅ አደረ። የሰላሙ ጊዜ ሲመጣ የወባ ትንኝ ተተካ። አጎበሩ ቀዳዳ ነበረው። በመስኮት ሳይ ጥበቃው መኪናዋ ላይ ተደግፎ ተኝቷል፣ ቢያንስ እሱ ተመችቶታል።

ጠዋት አሞራ ገደል ዓሳ በላሁና ከተማውን ዞርኩ። ሐዋሳ ላይ የወደድኩት ባጃጆቹን ነው። አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ቀስ ካልክ ክላክስ ይነፉብሃል፣ ይሰድቡሃል፣ እኔም እሳደባለሁ። እዚህ ባለባጃጆቹ ቅድሚያ እየሰጡ «ግባ ግባ» ይሉኛል። በቁመት ስለምንቀራረብ ይሆናል።

ስመለስ ዳገቱ ፈተነኝ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በጣም ዝቅ ያለች ናት፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት አሁን ዳገት ነው። ከሞጆ ጀምሮ የኋላ ኮፈኑን በእንጨት ከፍ አድርጌ አየር እንዲገባው አሰርኩት፣ አጎቴ ያደርጉት እንደነበረው። ከባድ መኪኖች ሳይቀሩ ቀደሙኝ። ሙቀቱ ከፍ አለ እንጂ አልፈላችም፣ የፓምፑም ቺንጋ ቀጥ ብሎ ሰራ።

ማታ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ሐዋሳም፣ ስለ ትራፊኩም፣ ስለ 600 ብሩም ምንም አልጠየቁኝም።

«ቢሾፍቱን ካለፍክ በኋላ ያለውን ዳገት በስንተኛ ማርሽ ወጣኸው?»

«በሶስተኛ።»

«በሁለተኛ ነበር» አሉና ስልኩን ዘጉት።