«ሚ ቲዬራ»ን ሳዳምጥ

ዛሬ የግሎሪያ ኢስቴፋንን «ሚ ቲዬራ» ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ አዳመጥሁት። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ የስፓኒሽ አልበም ስሙ «አገሬ» ማለት ነው፤ ድምፃዊቷ ግን ከተወለደችበት ከሃቫና ወደ ማያሚ ስትወሰድ ገና የሁለት ዓመት ያህል ሕፃን ነበረች። ስለዚህ የምትናፍቃት ኩባ ኖራባት የምታስታውሳት ሳትሆን ከቤተሰቧ አፍ ስትሰማት ያደገች አገር ናት። አልበሙን እንዲህ አጥብቄ የምወደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ናፍቆት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ውርስ መሆኑን እንደዚህ ያሳየኝ ሌላ ሥራ አላውቅም።

ዘፈኖቹ አዲስ የተደረሱ ቢሆኑም አሠራራቸው ከ1959ኙ አብዮት በፊት የነበረችውን ሃቫና የተከተለ ነው፤ ሶን፣ ቦሌሮና ዳንሶን የተባሉት የኩባ የሙዚቃ ስልቶች ይሰሙባቸዋል። ይህም ማስመሰል ሆኖ ያልቀረው ሙዚቃውን በእጃቸው የሠሩት አንጋፋዎች አብረዋት ስለ ተጫወቱ ነው። ቲምባሌስ የተባሉትን ጥንድ ከበሮዎች ቲቶ ፑዌንቴ፣ ትራምፔቱን ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኩባ የወጣው አርቱሮ ሳንዶቫል ተጫውተዋል። ከሁሉም በላይ ጆሮዬን የያዘው ግን የካቻዎ ባስ ነው። በ1918 ሃቫና ውስጥ የተወለደው ካቻዎ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ማምቦ ለተባለው የጭፈራ ሙዚቃ መሠረት የጣለ ሰው ሲሆን፣ በስደት ማያሚ ከገባ በኋላ ግን ለዓመታት በሠርግና በክርስትና ድግስ ላይ ሲጫወት ኖሯል።

የአልበሙን መጠሪያ የያዘው ዘፈን ግጥሙ አገር በራቋት ጊዜ ነፍስን እንደምታም ይናገራል፤ ምቱ ግን አያስቀምጥም። ከሥሩ ክላቬ የሚባለው በሁለት የምት መለኪያ (ባር) ውስጥ አምስት ጊዜ የሚመታ ሥርዓት አለ፤ ኮንጋ የተባለው ረጅም ከበሮ፣ ፒያኖውና ባሱ ሁሉ ለእርሱ ይገዛሉ። ሞንቱኖ ወደሚባለው የቅብብል ክፍል ሲደረስ ተቀባዮቹ አንዱን ሐረግ እየደጋገሙ ሲመልሱላት፣ ኀዘኑ ሳይጠፋ ሰው ሁሉ ለጭፈራ ይነሣል። ሙላቱ አስታጥቄም በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን አልበሞቹን ሲያወጣ ከዚሁ የምት ምንጭ ቀድቷልና፣ ኮንጋው ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም።

በእንግሊዝኛ ዘፈኖቿ ዓለምን ያዳረሰች ድምፃዊት በዝናዋ ጫፍ ላይ ሳለች ወደ ወላጆቿ ቋንቋ መመለሷ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። አድማጩም አላሳፈራትም፤ አልበሙ በቢልቦርድ መጽሔት የላቲን አልበሞች ሠንጠረዥ ላይ ለ58 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፣ የግራሚ ሽልማትም አግኝቷል። እኔን ይበልጥ ደስ የሚለኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ በ1994 ካቻዎ «ማስተር ሴሽንስ» የተባለውን የራሱን አልበም በባለቤቷ በኤሚሊዮ ኢስቴፋን አሳታሚ ድርጅት በኩል አወጣ፤ እርሱም ግራሚ ተሸለመ። ነገ የማዳምጠው እርሱን ነው።