የድሮውን ዊልድ ቲ2 ቴዎዶላይት ወደ ሥራ የመለስኩበት መንገድ

ጡረታ ከወጡ አንድ ቀያሽ ዊልድ ቲ2 ገዛሁ፤ ቴዎዶላይት ማለት ቀያሾች ማዕዘን የሚለኩበት ባለ ቴሌስኮፕ መሣሪያ ነው። ባትሪ የለው፣ ስክሪን የለው። መስታወትና ብረት ነው። መደርደሪያ ላይ ላሳምረው ሳይሆን ልለካበት ስለፈለግኩ፣ ከመንካቴ በፊት አሠራሩን ተማርኩ።

ሃይንሪክ ዊልድ ራሱ ስዊዘርላንዳዊ ቀያሽ ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. ሄርብሩግ በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ድርጅት አቋቋመ፤ ቲ2ም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ወጣ። ማዕዘን የሚነበብበት የመስታወት ክብ ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር ነው፣ መሣሪያው ግን እስከ 1 ሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 3600ኛ) ያነባል። እዚህ ላይ ነው የዚህ ሰው ችሎታ የሚገርመኝ። የክቡ መሃልና የሚዞርበት ዘንግ መቼም ፍጹም አይገጥሙም። በ0.01 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፉ ንባቡ እስከ 46 ሰከንድ ሊሳሳት ይችላል፤ ይሄ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው! ግን ስህተቱ በክቡ አንዱ ጎን ሲደመር በትይዩው ጎን በዚያው ልክ ይቀነሳል። ቲ2 የሁለቱንም ጎን ምስል በፕሪዝም አምጥቶ አንድ መስኮት ውስጥ ያገናኛቸዋል። የማይክሮሜትሩን ቁልፍ እያዞርክ የላይኛውን መስመር ከታችኛው ጋር ታገጥማለህ፣ የምታነበው ቁጥር የሁለቱ አማካይ ሆኖ ይመጣልሃል። በድሮዎቹ መሣሪያዎች ይሄን ለማግኘት ዙሪያውን እየዞርክ ሁለት ጊዜ ማንበብ ነበረብህ።

ወደ ሥራው ስገባ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አነሳሁ፣ የውስጡን ፕሪዝም አልነካሁም። አንዴ ከቦታው ከተንሸራተተ የሚመልሰው ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው። ቀጥዬ ጥላ ውስጥ ትራይፖድ ላይ አቆምኩትና የውሃ ልኩን አስተካከልኩ፦ አረፋውን መሃል አምጥቼ መሣሪያውን 180 ዲግሪ አዞርኩ፣ አረፋው የሸሸውን ግማሽ በእግር ብሎኖቹ፣ ግማሹን በራሱ ማስተካከያ ብሎን መለስኩ። ከዚያ ሩቅ ያለ አንቴና በፌስ ሌፍትም (የቁም ማዕዘን ክቡ በግራ ሆኖ) በፌስ ራይትም (ቴሌስኮፑን ገልብጬ መሣሪያውን 180 ዲግሪ አዙሬ) አነበብኩ። ሁለቱ ንባቦች ልክ 180 ዲግሪ አልተራራቁም፤ የልዩነቱ ግማሽ የቴሌስኮፑ ስህተት ነው። ትንሽ ስለነበር ተውኩት፣ ምክንያቱም የሁለቱን ፌስ አማካይ ስትወስድ ይጠፋል።

መሣሪያው የሚዞርበት የቋሚው ዘንግ ማጋደል ግን በዚህ አይጠፋም፣ ትልቁ ትምህርቴም ይሄ ነው። ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ወደ ተራራ 45 ዲግሪ ቀና ብለህ ስታይ ግን ማጋደሉ እንዳለ አግድም ንባብህ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ለውሃ ልኩ ጊዜ ስጡት፤ ፀሐይ አረፋውን ስለምታንቀሳቅሰው ጃንጥላ ያዙ።

ልትገዙ ካሰባችሁ ቀለሙ አያታላችሁ። መጀመሪያ የንባብ መስኮቱን እዩ። መስመሮቹ ጥርት ብለው ከታዩና ቁልፉ ሳይንገጫገጭ ካገጠማቸው ውሰዱት፤ ምስሉ ከደበዘዘ ወይም አንዱ ጎን ከጠፋ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።