ከፍልውሃ እስከ ሱሉልታ መስክ

የጥቅምት መጨረሻ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከጓደኛዬ ጋር ፍልውሃ በር ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም ጋቢ ደርበናል። «ጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ብርድ ነው።

ከፍልውሃ የተነሳነው በምክንያት ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት በዚህ ውሃ አጠገብ ነው። ከተማዋም አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያገኘችው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቦታው ፊንፊኔ ነበር። የኦሮሞ ከብት አርቢዎች እዚህ ሜዳ ላይ ያሰማሩ ነበር። ከመሬት የሚፈልቀውን ማዕድናማ ውሃ ሆራ ይሉታል። ከብት ሆራ ሲጠጣ ጨው እንደላሰ ነው፤ ይስማማዋል። እኔ አራት ኪሎ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ፍልውሃ ለእኔ ገላ መታጠቢያ ብቻ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ ላሞቹ ዛሬ ያሉበት ድረስ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ፣ በእግሬ ልሂድ።

አራት ኪሎን፣ ስድስት ኪሎን ቶሎ አለፍናቸው። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ነጋዴዎቹ ጥበብ ቀሚሶቹን ገና እየሰቀሉ ነበር። ሻይ በዳቦ በላንና ሽቅብ ጀመርን። የእንጦጦ ዳገት ቀልድ አያውቅም። ከተማው መሀል ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ላይ ሲደርሱ 3,000 ያልፋል። እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አጋጠሙን። ሸክሙ ከእነሱ ይረዝማል። መንገድ ለቀን ቆምን። አንዷ ጎንበስ እንዳሉ «ይባርካችሁ ልጆቼ» ብለውን አለፉ።

ጫካው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ማገዶ ያጣችውን ከተማ አትርፏታል፤ ይህን አልክድም። ግን መሬቱን አየሁት። ቅርፊትና ደረቅ ቅጠል እንጂ ሳር የለም ማለት ይቻላል። ጓደኛዬ መንዝ ነው ያደገው። በእግሩ ቅጠሉን ገለጥ አደረገና «እዚህ በሬ አይጠግብም» አለ። ለእሱ መሬት ማለት መጀመሪያ ግጦሽ ነው።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን ተሳልመን ወደ ሰሜን ተሻገርን። የተራራው ጫፍ ላይ ትንሽ ቆየን። እዚህ የሚወርድ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ከተማው የሚፈሰው አቃቂን ይዞ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ይቀራል። በእኛ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ግን ሙገርን፣ ከዚያም ዓባይን ይቀላቀላል። አንድ እግሬን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጌ ቆምሁ። ደስ ይላል።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ሸለቆው ሲከፈት ግን ሁሉንም ረሳሁ። ሜዳው ወርቅ መስሏል። ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ገና ቆሟል። የሳሩ ክምር እዚህም እዚያም እንደ ጎጆ ተደርድሯል። አጫጆቹ በመስመር ጎንበስ ብለው ማጭዳቸውን ይስባሉ። «ሽው» የሚል ድምፅ ነው ያለው፣ ሌላ የለም። አንዱን እፍኝ ሳር አንስቼ አሸተትሁ። ላዩ ደርቋል፣ ሥሩ ጋ ገና እርጥብ ነው። ማር ማር ይላል።

የመስኩ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ውሃ ሰጡንና አጠገባቸው አስቀመጡን።

«አባባ፣ ክረምቱን ከብቶቹ የት ነበሩ?» አልኳቸው።

«ዳር ዳሩን። ጨፌው ውስጥ ክረምት አንድ ጥጃ አይገባም። ከገባ ረግጦ ጭቃ ያደርገዋል፣ ሳሩ አይነሳም። ታጭዶ ሲያልቅ ነው የሚገቡት። እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፤ ዛሬ ነው የሚገቡት።»

ጓደኛዬ ፊቱ በራ። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሳር መስክ የሁለቱ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ዘሮች እንደዚህ ይጠብቁት ነበር። አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። መስኩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። ሳሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ለከብቱ ግጦሽ፣ ለጣሪያው ክዳን፣ ለገመዱ መጎንጎኛ ይሆናል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ያም ሆኖ የአካባቢው ሰው ዛሬም ጓሳን በጋራ ይጠብቃል። ይህን ሲነግራቸው አባባ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። «ሳር ትዕግሥት ነው የሚፈልገው» አሉ።

ከዚያ የልጅ ልጃቸው መጣ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ቦት ጫማው ከጉልበቱ ያልፋል። ከኋላው አሥራ አራት ከብት። አጥሩ ጋ ሲደርሱ አባባ ሁለት እሾህ ሳቡና በኦሮምኛ ጠሯቸው። ቀይዋ ላም ቀድማ ገባች። ሦስት አራት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች፣ አሸተተች። ከዚያ ምላሷን ጠቅልላ ሳሩን ነጨች። ሌሎቹ ተከተሏት። ትንሽ ቆይቶ ከሜዳው የሚሰማው ሳር የመንጨት ድምፅ ብቻ ሆነ፤ እንደ አዲስ ጨርቅ ሲቀደድ። ልጁ ጅራፉን አንገቱ ላይ ጣለና «በቃ፣ እስከ ማታ አይንቀሳቀሱም» አለን። እኛም አልተንቀሳቀስንም። አንድ ሰዓት ሙሉ አየናቸው።

ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ከመስኩ ጠርዝ ችካል ተተክሎ፣ ድንጋይና አሸዋ ተራግፎ አየን። ውሃ የሚተኛበት ጨፌ ላይ ነው ቤት ሊሠራ የታሰበው። ሆዴን ባር ባር አለው። ቤት ያስፈልጋል፣ አውቃለሁ። ግን ያ መሬት ክረምቱን ሙሉ ውሃ የሚጠጣ መሬት ነው። ሲሚንቶ ከፈሰሰበት በኋላ ሳር ቢፈለግ ከየት ይመጣል? አባባን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ማታ ከሱሉልታ ሚኒባስ ያዝን። እንጦጦን ስንወጣ ከፊታችን ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ነበር። ዳገቱን ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከላዩ ሳር ይበተናል። ለከተማው ላሞች ነው የሚሄደው። ሽታው ታክሲውን ሞላው። ታክሲ ውስጥ መቼም «ብርድ ነው፣ መስኮቱን ዝጉት» የሚል አይጠፋም። እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ማንም አላለም።